አጋፋሪና ቄሰ ገበዝ፦ ስለ ቤተ መዘክር ትምህርት የቀረበ ሂስ

ከአገሩ ርቆ የሚኖር ተማሪ ምን ቢማር ለወገኑ ይጠቅማል የሚለው ጥያቄ በተማሪዎች ማኅበራት መጽሔቶች ላይ መነሣት ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። መልሱም በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነበር፤ ሕክምና፣ ምሕንድስና፣ እርሻ፣ የኢኮኖሚ ጥናት፣ የፖለቲካ ሳይንስ። የአገሪቱ ጠላቶች ረኀብ፣ በሽታና ድንቁርና ናቸውና ተማሪው የእነዚህን መድኃኒት ይዞ ይመለስ ተባለ። በዚህ ዝርዝር ውስጥ የቤተ መዘክር አስተዳደርና የዐውደ ርእይ ዝግጅት ትምህርት ቦታ አላገኘም። ዛሬም በኒው አልባኒና በኮሎምበስ ባለው ክበባችን አንዲት ተማሪ ይህን ሙያ ላጥና ብትል የሚሰጣት መልስ ከዚያ ብዙም አይርቅም፤ «የቅንጦት ትምህርት ነው፤ የጠገበ አገር ትምህርት ነው» ይባላል።

እኛ ይህን አስተያየት እንቃወማለን። የምንቃወመውም ስለ ጥበብ ውበት ለመስበክ ብለን አይደለም። ብዙዎቻችን የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪዎች ነንና ነገሩን የምናየው ከሥልጣን አንጻር ነው። አንድ ሕዝብ ስለ ራሱ ያለውን ማስረጃ ማን ይይዘዋል? ማን ይመዘግበዋል? ማንስ ለሌላው ይተረጉመዋል? እነዚህ ጥያቄዎች መሬት የማን ነው፣ ግብር ማን ይሰበስባል ከሚሉት ጥያቄዎች ጎን የሚቆሙ ናቸው። የቤተ መዘክር ትምህርትም እነዚህን ጥያቄዎች ተቀብሎ ወይም ሸሽጎ የሚሰጥ ትምህርት ነው።

በመጀመሪያ ሙያው ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ፈረንጆች «ኪዩሬተር» የሚሉት ስም ከላቲን የመጣ ሲሆን የሚንከባከብ፣ የሚጠብቅ ማለት ነው። በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው ትምህርት ባጭሩ ሲጠቃለል አራት ሥራዎችን ያስተምራል፤ ዕቃን ተቀብሎ መመዝገብ፣ እንዳይበላሽ መጠበቅ፣ መርጦ ማሳየት፣ ለተመልካች ማስረዳት። በአዲስ አበባ የሥዕል ሰዎች ዘንድ ለዚህ ባለሙያ «አጋፋሪ» የሚል ስም ሲሰጠው ሰምተናል። ስሙ ያለ ብልሃት የተመረጠ አይመስለንም። አጋፋሪ በቤተ መንግሥት ደጅ ቆሞ ማን እንደሚገባ፣ ማን በደጅ ጥናት እንደሚሰነብት፣ ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ የሚወስን ባለሥልጣን ነበር። ዐውደ ርእይ የሚያዘጋጅ ሰውም ለዕቃዎች ይህንኑ ያደርጋል።

ሆኖም ባገራችን ለዚህ ሙያ የሚቀርብ ሌላ ጥንታዊ ስም አለ፤ ቄሰ ገበዝ። ቄሰ ገበዝ የደብሩን ዕቃ ቤት ይጠብቃል፤ መስቀሉን፣ ጽናውን፣ መጎናጸፊያውን፣ መጻሕፍቱን ያውቃቸዋል። የጥንት አብያተ ክርስቲያናት ንብረታቸውን በወንጌል መጽሐፍ ባዶ ገጾች ላይ ይመዘግቡ ነበር፤ የሰጪው ስም፣ የዕቃው ዓይነት፣ ለማን መታሰቢያ እንደ ተሰጠ ይጻፋል፤ በመጨረሻም የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን የሚል ቃል ይታከልበታል። በዛሬው የቤተ መዘክር ቋንቋ «የዕቃ አመጣጥ ታሪክ» የሚባለውና ተማሪዎች በየሴሚስተሩ የሚማሩት ነገር ይኸው ነው። በአጋፋሪና በቄሰ ገበዝ መካከል ያለው ልዩነት ተጠሪነታቸው ነው። አጋፋሪ ለጌታው ይታዘዛል። ቄሰ ገበዝ አንድ መስቀል ቢጠፋበት ደብሩ ይጠይቀዋል።

ይህን ስንል ያለፈውን ሥርዓት ማወደሳችን አይደለም። መስቀሉን የመዘገበው ያው የወንጌል ገጽ የገበሬውን መሬት ለባለጉልት የሰጠውንም ቃል መዝግቧል። ስለዚህ መዝገብ ራሱ የገዥዎች መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል አንዘነጋም። ነገር ግን መዝገብ በሌለበት ቦታ የሚጠየቅ ሰው የለም። ይህን ነጥብ አንባብያን እንዲይዙልን እንለምናለን፤ ክርክራችን የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነውና።

አውሮፓዊው የቤተ መዘክር ባለሙያ ከኢትዮጵያ ጋር እንዴት እንደ ተዋወቀ እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ከወታደሩ ጋር ሪቻርድ ሆልምስ የተባለ የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው አብሮ ተጉዟል። ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ አምባው ተዘረፈ፤ ዝርፊያውም በደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጠ። ምርኮውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተጽፏል። ሆልምስ ለቤተ መዘክሩ ብዙ መጻሕፍትና ዕቃዎች ገዛ። ነገሥታቱ ወደ ጦር ሜዳ ይዘዋት ይዘምቱ የነበረችውን የኩርዓተ ርእሱን ሥዕል ግን ለራሱ ወስዶ በቤቱ አኖራት፤ ሥዕሏ በእርሱ እጅ መሆኗ ለሕዝብ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። እንግዲህ በታሪካችን ውስጥ በቤተ መዘክር ባለሙያነት ስሙ ቀድሞ የተመዘገበው ሰው ከመዝገብ ውጭ የወሰደ ሰው ነበር።

ደግሞም ሀቁን በሙሉ እንናገር። በመቅደላ የተገኙት መጻሕፍት ሁሉ የመቅደላ አልነበሩም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ሲሉ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ያስመጧቸው ብዙዎች ናቸው፤ ጎንደርም እ.ኤ.አ. በ1866 በራሳቸው በንጉሡ ጦር ተዘርፋለች። ዕቃው ሲዘረፍ እንግሊዝ ሁለተኛው እንጂ የመጀመሪያው አልነበረም። የባዕዱን ዘራፊ እያወገዝን የራሳችንን ገዥ ዝም ብንል ሂሳችን ግማሽ ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ የተገኘው ውጤት ምን ይመስላል? ብሪቲሽ ሙዚየም አሥራ አንድ ታቦታትን ይዟል። ለማንም አያሳያቸውም፤ ሊያያቸው የሚፈቀድለት ካህን ብቻ ነው። እንዳይመልሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣውን የቤተ መዘክሩን ሕግ ይጠቅሳል። የማይታይ፣ የማይጠና፣ የማይመለስ ዕቃ በቤተ መዘክር ውስጥ ምን ይሠራል? ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2018 የመቅደላን ዕቃዎች በአንድ ክፍል ሲያሳይ ዳይሬክተሩ ለኢትዮጵያ በረጅም ጊዜ ውሰት እንዲሰጡ ሐሳብ አቅርበዋል። የተወሰደበት ሰው ንብረቱን ተዋሰ ቢባል በየትኛው የገበያ ሕግ ይፈረዳል? በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2001 በኤድንበርግ አንድ ቄስ የቤተ ክርስቲያኑን ቁም ሣጥን ሲከፍት ታቦት አገኘ፤ ቀድሞ በኢትዮጵያ ኖሮ ስለ ነበር ምን እንደ ሆነ ዐወቀ። በተከታዩ ዓመት ታቦቱ አዲስ አበባ ገባ፤ ሕዝቡም በእልልታ ተቀበለው። ለዚህ ያበቃው ቁም ሣጥኑን የከፈተው ሰው ያየውን ነገር ማወቁ ነው። የሚያውቅ ዐይን ማፍራት ደግሞ የትምህርት ሥራ ነው።

አሁን ወደምንኖርበት ስቴት እንመለስ። «ኢትዮጵያ በመስቀለኛ መንገድ ላይ» ተብሎ ሊተረጎም የሚችለው ታላቅ ዐውደ ርእይ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ በባልቲሞር በዎልተርስ የጥበብ ሙዚየም ተከፍቶ፣ በማሳቹሴትስ በሴለም ከተማ አልፎ፣ ከኦገስት እስከ ኖቬምበር 2024 በኦሃዮ በቶሊዶ የጥበብ ሙዚየም ታይቷል። ከ220 በላይ ዕቃዎች ቀርበውበታል፤ ከጥንታዊት አክሱም ሳንቲሞች እስከ ዘመናችን ሠዓልያን ሥራዎች 1,750 ዓመታት ያህል ይሸፍናል። ከኮሎምበስ አካባቢ ቶሊዶ የሁለት ሰዓት ተኩል ያህል መንገድ ስለሆነች ከእኛ መካከል ብዙዎች ሊያዩት ችለዋል።

ዐውደ ርእዩ ምስጋና ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1993 ያው የዎልተርስ ሙዚየም ባቀረበው «አፍሪካዊት ጽዮን» በተሰኘው ዐውደ ርእይ ኢትዮጵያ በስሟም በይዘቷም የክርስትና ደሴት ሆና ነበር የቀረበችው። በ2024ቱ ግን እስልምናና አይሁድነትም ቦታ አግኝተዋል፤ የዘመኑ ሠዓልያን ከጥንቶቹ ጎን ቆመዋል፤ ለዘመናዊው ክፍልም ትውልደ ኢትዮጵያዊት አርቲስት በእንግድነት ተጋብዛ አዘጋጅታለች። ከአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም ዕቃዎች በውሰት ቀርበዋል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ የታየው እርምጃ ቀላል አይደለም።

ሂሳችን የሚጀምረው ከስሙ ነው። መስቀለኛ መንገድ ሌሎች የሚያልፉበት ቦታ ነው። ከቢዛንታይን፣ ከግብፅ፣ ከአርመን፣ ከሕንድ፣ ከኢጣልያ የመጡ መንገዶች በኢትዮጵያ ተገናኙ ሲባል ኢትዮጵያ ከዓለም ተነጥላ ኖረች የሚለውን አሮጌ ተረት ያፈርሳል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ሥዕሉ በማን ተጽዕኖ ተሣለ የሚለው ጥያቄ ሲገን፣ ብራናውን የፋቀው፣ ቀለሙን የበጠበጠው፣ ለደብሩ ግብር የገበረው ሰው ወደ ጓሮ ይገፋል። አንድ የወንጌል መጽሐፍ ለመሥራት ስንት ፍየል እንደሚታረድ፣ ጸሐፊው ስንት ወር እንደሚቀመጥ፣ ማንስ ይቀልበው እንደ ነበር ማስረዳት ከባዕድ አገር ሥዕል ጋር ማመሳሰልን ያህል ክብር ይገባዋል።

ሁለተኛው ሂሳችን የሚመለከተው ይህን ዐውደ ርእይ ብቻ ሳይሆን የምዕራባውያን ቤተ መዘክሮችን ሁሉ ልማድ ነው። በመስታወት ሣጥኑ ጥግ የምትለጠፈው ትንሽ ጽሑፍ የዕቃውን ስም፣ ዘመኑን፣ የተሠራበትን ነገር ትነግረንና «የእገሌ ስጦታ» ወይም «በግዢ የተገኘ» ብላ ትደመድማለች። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዘመን ከተሠራበት ደብርና በሃያኛው መቶ ዘመን ከአሜሪካዊው ሰብሳቢ ሳሎን መካከል አምስት መቶ ዓመት አለ። ዕቃው ከዕቃ ቤቱ የወጣው በስጦታ ነው፣ በረኀብ ዘመን በተሸጠ ጊዜ ነው፣ ወይስ በሌሊት? ቀደም ሲል እንዳልነው መጽሐፉ ራሱ በባዶ ገጹ ላይ የባለቤቱን ስም ጽፎ፣ የሚወስደውን አውግዞ ሊሆን ይችላል። ግእዝ የማያነብ ተመልካች ሐረጉን አድንቆ ያልፋል፤ ውግዘቱ ግን በፊቱ ተዘርግቶለታል። የአጋፋሪው ሥራ በቶሊዶ በሚገባ ተሠርቷል። የቄሰ ገበዙ ሥራ ግን ገና ሠራተኛ ይፈልጋል።

ኦሃዮ ከኢትዮጵያ ቅርስ ጋር ያላት ታሪክ በቶሊዶ አልተጀመረም። ድንቅነሽ በሐዳር የተገኘችው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 1974 ሲሆን፣ ከአግኚዎቿ ዋናው ዶናልድ ጆሃንሰን በክሊቭላንድ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይሠራ ነበር። አጽሟም በስምምነት ለጥናት ወደ ክሊቭላንድ መጥታ ተመልሳለች። ኋላ ደግሞ ከ2007 እስከ 2013 በአሜሪካ ከተሞች ስትዞር የስሚዝሶኒያን ተቋም ለመቀበል ፈቃደኛ አልሆነም፤ እንዲህ ያለ የማይተካ አጽም መጓዝ የለበትም የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ነበሩና። በ2025ም ከሰላም ጋር ሆና ወደ ፕራግ ተጉዛለች። የመላክን ጥቅምና ጉዳት የሚመዝን ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ከሌለ ውሳኔው የሚኒስትርና የአምባሳደር ብቻ ይሆናል።

ስለ ድንቅነሽ ሌላም የምንለው አለ። እርሷ ከመገኘቷ በፊት በነበረው ሌሊት፣ ኖቬምበር 23 ቀን 1974፣ ደርግ ስልሳዎቹን ሰዎች ያለ ፍርድ ረሽኗል። የአንዲቱ አጽም በአንድ ቤተ መዘክር፣ በዚያ ሌሊት የተጀመረው ደም መፋሰስ ያስከተላቸው አጽሞች በሌላ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። የመጀመሪያዋን የዓለም ሕዝብ ተሰልፎ ያያታል። ሁለተኞቹን ግን እናቶቻቸው ከጅምላ መቃብር ተቆፍረው ሲወጡ በልብሳቸው ለይተዋቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ2010 በመስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተው የ«ቀይ ሽብር» ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ለተማሪ ማኅበራት አንባቢ ከማንኛውም ቤተ መዘክር ይልቅ የቀረበ ነው፤ በግድግዳው ላይ ከተደረደሩት ፎቶግራፎች ብዙዎቹ የተማሪዎች ናቸውና። ከመከራው የተረፉ ሰዎች ራሳቸው እየመሩ ማስጎብኘታቸው በዓለም ላይ ብዙ የማይገኝ ክብር ነው። ሆኖም በእኛ ንባብ ሙዚየሙ የሙታንን ፊት ከክርክራቸው ይልቅ አጉልቶታል። እነዚያ ወጣቶች የሞቱት ብቻ ሳይሆኑ ያሰቡም ናቸው፤ ስለ መሬት፣ ስለ ብሔረሰቦች፣ ስለ ሴቶች ጽፈዋል፣ ተከራክረዋል፣ እርስ በርሳቸውም ተጋጭተዋል። ሰማዕት ብሎ ማክበር አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ከሰማዕት ጋር ማንም አይከራከርም። በእንደ እኛ ያሉ መጽሔቶች የተጻፈው ነገር በማባዣ መኪና ቀለም የደበዘዘ ወረቀት ላይ በየቤቱ ምድር ቤት ተበትኖ ሳለ ይህን ክፍተት የሚሞላው ማን ነው?

ባገር ቤት ጥሩ ምሳሌ የለም ማለታችን ግን አይደለም። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ዕቃዎቹን በነገሥታት ተራ ወይም በብሔረሰብ ዝርዝር ሳይሆን በሰው ልጅ የሕይወት ጉዞ ደርድሯቸዋል፤ ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞትና ከዚያ ወዲያ። የአንዱ ሕዝብ የልጅ ማዘያ ከሌላው ማዘያ ጎን ይቀመጣል። ይህ በመጽሐፍ ብዙ ገጽ የሚፈጀውን የእኩልነት ክርክር በአንድ ክፍል ውስጥ ያስተምራል። ነገር ግን ብዙ ጎብኚ ወደዚያ ሕንፃ የሚሄደው የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ቤት ለማየት ነው። አልጋውን ካየው ሰው ስንቱ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1960 በዚያው ቤተ መንግሥት በአረንጓዴው ሳሎን ታግተው የነበሩ መኳንንት መረሸናቸውን፣ በዲሴምበር 1969ም በዚያው ግቢ የጥላሁን ግዛውን አስከሬን ከበው በቆሙ ተማሪዎች ላይ ጥይት መተኮሱን ይጠይቃል? ከ2019 ወዲህ የአንድነት ፓርክ፣ በ2024 ደግሞ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተከፍተዋል። መንግሥታት ቤተ መንግሥታቸውን ለሕዝብ ሲከፍቱ እሰየው እንላለን፤ ይሁንና ከፋቹ ራሱ አጋፋሪ ሲሆን የሚጠይቀው ባለሙያ ያስፈልገዋል።

የመዝገብ ጉዳይ ምን ያህል አጣዳፊ እንደ ሆነ ያለፉት ዓመታት አስተምረውናል። ከ2020 እስከ 2022 በተካሄደው ጦርነት የአል ነጃሺ መስጊድ ተመትቷል፤ በትግራይና በአማራ ክልል አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ተጎድተዋል፤ በደሴ የሚገኘው የወሎ ሙዚየም ተዘርፏል። የተዘረፈ ዕቃ በባዕድ ገበያ ሲወጣ ፍርድ ቤት የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ የእናንተ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አላችሁ? ፎቶግራፉ፣ ልኩ፣ የመዝገብ ቁጥሩ ከሌለ እንባ ማስረጃ አይሆንም።

በዚህ ረገድ የምንኖርበት ምድር ጥንታውያን ባለቤቶች ያስተማሩን ነገር አለ። ከኒው አልባኒ በስተምሥራቅ የግማሽ ሰዓት ያህል መንገድ ርቃ በምትገኘው ኒዋርክ ከተማ የዛሬ 2,000 ዓመት ገደማ የአገሬው ሕዝቦች በአፈር የካቧቸው፣ የጨረቃን የ18.6 ዓመት ዑደት ተከትለው የተቀየሱ ታላላቅ ግንቦች አሉ። ይህ የተቀደሰ ቦታ ከ1910 ጀምሮ ለጎልፍ ክበብ ተከራይቶ ኖሯል። በ2022 የኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኪራዩን መብት በካሣ ማስለቀቅ እንደሚቻል ወሰነ፤ በ2023 ቦታው በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ከ2025 መግቢያ ጀምሮም ለሕዝብ ክፍት ሆኗል። የአገሬው ሕዝቦች ትግል እ.ኤ.አ. በ1990 ያስገኘው የፌዴራል ሕግ ደግሞ ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ቤተ መዘክር ሁሉ የያዘውን አጽምና ንዋየ ቅድሳት አስቀድሞ ቆጥሮ እንዲያስመዘግብ፣ ከባለቤቶቹ ጋር እንዲመክር፣ እንዲመልስም ያስገድዳል። ልብ በሉ፤ ሕጉ ከመመለስ በፊት ያስቀደመው መቁጠርን ነው። ይህ ሕግ የእኛን ታቦታትና መጻሕፍት አይመለከትም። መንገዱን ግን ያሳያል።

ከስደት ሆኖ ይህን መቁጠር ማድረግ ይቻላል ወይ ለሚል ሰው ምሳሌው ሩቅ አይደለም። ዶክተር ጌታቸው ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1975 ሊይዟቸው በመጡ ወታደሮች በጥይት ተመትተው ሽባ ሆኑ። በተከታዩ ዓመት በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ተቀምጠው ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ ገዳማት በማይክሮፊልም የተነሡትን የብራና መጻሕፍት መመዝገብ ያዙ። ስብስቡ ወደ 9,000 የሚጠጋ ሲሆን፣ እርሳቸው እስካረፉበት እስከ 2021 ድረስ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ለግእዝ ጥናት ደከሙ። ማይክሮፊልሙ ከተነሣ በኋላ የጠፋ መጽሐፍ ቢኖር ከየትኛው ደብር እንደ ጠፋ የምናውቀው በእንዲህ ያለ መዝገብ ነው። በፖለቲካ ከእርሳቸው ጋር የማይስማማ ተማሪ ይኖራል። ይህን ሥራ ግን የቅንጦት ሥራ ለማለት የሚደፍር ያለ አይመስለንም።

ስለዚህ ይህን ትምህርት ለሚመርጡ ጓደኞቻችን የምንለው የሚከተለው ነው። ዲግሪያችሁን የዐውደ ርእይ መብራት ማስተካከያ ብቻ አታድርጉት። በምትማሩበት ከተማ ባለው ቤተ መዘክርና ቤተ መጻሕፍት ያለውን የኢትዮጵያ ዕቃ ቁጠሩ፤ የመዝገብ ቁጥሩን፣ የመጣበትን ዓመት፣ የሰጪውን ስም ጻፉ። ግእዝ የምታነቡ የባዶ ገጾቹን ጽሑፍ ገልብጡ፤ ዐረብኛ የምታነቡ የሐረርን መጻሕፍት እንዲሁ አድርጉ። መግለጫው ዕቃው ከደብሩ ወይም ከመስጊዱ እንዴት እንደ ወጣ እንዲናገር፣ ካልታወቀም «አልታወቀም» ብሎ በግልጽ እንዲጽፍ ጠይቁ። የተማሪው እንቅስቃሴ ወረቀቶች በየምድር ቤቱ ሳይበሰብሱ ሰብስቡ። የሰበሰባችሁትንም ወደ አገር ቤት ተቋማት ላኩ።

ትምህርቱን የቅንጦት ነው ለሚሉን ደግሞ አንድ ጥያቄ እናቀርባለን። ነገ አንድ ቤተ መዘክር ልቡ ተለውጦ «ዕቃችሁን ውሰዱ፤ የትኞቹ ናቸው?» ቢለን ዝርዝሩን ይዞ የሚቀርበው ማን ነው?